አንድ ጥቅስ፣ ሁለት ዓርብ ማታ

ዓርብ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። በጎንደር አካባቢ በነበረች አንዲት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) መንደር የሰንበቱ ዳቦ ተጋግሯል፣ ወጡም ተሠርቶ ወርዷል። ሰው ወንዝ ወርዶ ገላውን ታጥቦ ተመልሷል። ለቤቱ እመቤት አንድ ሥራ ቀርቷታል። እንደ ሌላው ቀን ፍሙን አመድ አልብሳ ለነገ አታዳፍነውም፤ ጨርሳ ታጠፋዋለች። ሰንበት ሲገባ ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ቤቱም ይጨልማል። እስከ ቅዳሜ ማታ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው።

በዚያው ዘመን ካይሮ ወይም ቪልና የምትኖር አይሁዳዊትም ፀሐይ ሳትጠልቅባት የምትጣደፍበት ሥራ አላት፤ የእሷ ግን መብራት መለኮስ ነው። ሰንበት ከገባ በኋላ እሳት መጫር ለእሷም ክልክል ነው። አስቀድሞ የተለኮሰው ግን ዘይቱ እስኪያልቅ ይነዳል፤ አስቀድሞ የተጣደው ድስትም በተዳፈነ እሳት ላይ ያድራል። የዓርብ መብራት ለእሷ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ስትለኩሰውም ቡራኬ ትደግማለች።

ሁለቱም ሴቶች የሚጠብቁት ጥቅስ አንድ ነው፤ በሰንበት ቀን በማደሪያ እሳት ማንደድን የሚከለክለው ዘጸአት ምዕራፍ 35 ቁጥር 3። አንዷ ጥቅሱን አጥብቃ፣ ሌላዋ አላልታ ይዛዋለች ማለት ግን አይቻልም። የቤተ እስራኤሏ እመቤት ቄሶቿና አያቶቿ እንዳስተማሯት አደረገች፤ የካይሮዋም ረቢዎቿና አያቶቿ እንዳስተማሯት አደረገች። ልዩነቱ ያለው ጥቅሱን ተቀብሎ ባስተላለፈው ሰው ላይ ነው። ሃላካ የሚባለው የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የሚቀናው መንገድ ከዚህ ይጀምራል፤ ጥቅሱ ምን እንደሚል ከመጠየቅ አልፎ ማን እንዳስተላለፈውና በማን ሥልጣን እንደሚፈረድበት መጠየቅ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተጻፈው ኦሪትና የቃሉ ኦሪት

ረቢዎች እንደሚያስተምሩት ሙሴ በሲና የተቀበለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በብራና የተጻፈው ኦሪት ነው። ሁለተኛው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የቃል ኦሪት ነው። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ ቢባል፣ የመጀመሪያው ብዙ ነገር ሳይናገር ስለሚያልፍ ነው። በሰንበት ሥራ አትሥራ ይላል፤ ሥራ ማለት ምን ምን እንደሆነ ግን አይዘረዝርም። ባል ሚስቱን ሲፈታ የፍቺ ጽሑፍ ይስጣት ይላል፤ ጽሑፉ እንዴት እንደሚጻፍና ማን እንደሚመሰክር ግን ዝም ይላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የቃሉ ትምህርት ነው።

ኢየሩሳሌም ያለው ቤተ መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ከፈረሰ በኋላ፣ በቃል ብቻ የተያዘው ትምህርት ከመምህራኑ ጋር እንዳይጠፋ ተሰጋ። በ200 ዓ.ም. ገደማ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ሰብስበው በስድስት ክፍል አደራጁት፤ ይህ ሚሽና ይባላል። በሰንበት የተከለከሉት 39 ዋና ዋና የሥራ ዓይነቶች ተዘርዝረው የሚገኙት እዚህ ነው። ቀጥሎ በፍልስጤምና በባቢሎን ያሉ ሊቃውንት ሚሽናን አንቀጽ በአንቀጽ ሲከራከሩበት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖሩ፤ ክርክራቸውም ሁለት ታልሙዶች ሆነ። በመጨረሻ የበለጠ ሥልጣን ያገኘው የባቢሎኑ ነው።

አንድ የታልሙድ ገጽ ገልጦ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መካከሉ ላይ ሚሽናና የሊቃውንቱ ክርክር በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። በአንድ ወገን በ1105 ዓ.ም. ያረፉት የፈረንሳዩ ሊቅ የራሺ ማብራሪያ አለ። በሌላው ወገን ራሺን የሚሞግቱ ሰዎች ማብራሪያ አለ፤ ከሞጋቾቹም አንዳንዶቹ የገዛ ልጆቻቸው ልጆች ናቸው። በየኅዳጉ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት በደቃቅ ፊደል ተሰልፈዋል። በአንድ ገጽ ላይ የአንድ ሺህ ዓመት ሰዎች ይነጋገራሉ። በመጽሐፍ ቤት ‹‹አንድም… አንድም…›› ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የአንድምታ ተማሪ ትርጓሜዎቹን ሁሉ ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል፤ ረቢው ግን ደጁ ላይ የቆመ ጠያቂ አለበት። ዶሮዋ ትበላለች ወይስ አትበላም? ሴትዮዋ ታገባለች ወይስ አታገባም? አንዱን ቆርጦ መናገር የግድ ይሆንበታል።

ለሰማይ ያልተበገረው፣ ለጉባኤ የታዘዘው

ቆርጦ ለመናገር ሥልጣኑ ከየት ይመጣል? ታልሙድ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንቀጽ ሳይሆን ታሪክ ነው።

ሊቃውንቱ ስለ አንድ የሸክላ ምድጃ ተከራከሩ። ምድጃው በቁርጥራጭ የተሠራ ሆኖ በቁርጥራጩ መካከል አሸዋ ገብቶበታል፤ ርኩሰት ይይዘዋል ወይስ አይዘውም? ረቢ አልዓዛር አይዘውም አሉ፤ የቀሩት ሁሉ ይይዘዋል አሉ። አልዓዛር ማስረጃ አቅርበው ሲያልቅባቸው ተአምር ጠሩ። በቃላቸው ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ፣ ወንዝ ወደ ኋላ ፈሰሰ፣ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ አዘነበለ። በመጨረሻ ከሰማይ ድምፅ መጥቶ ሕጉ እንደ አልዓዛር ነው አለ። ይኸኔ ረቢ ኢያሱ ብድግ ብለው ኦሪት በሰማይ አይደለችም ሲሉ መለሱ፤ ቃላቸውም ኦሪት ለሰው ተሰጥታለችና ከእንግዲህ የሚፈረደው በብዙኃኑ ድምፅ ነው ማለት እንደሆነ ተተረጎመ። ተአምሩም ድምፁም ውድቅ ሆነ። ተረኩ እዚያው ላይ እግዚአብሔር በልጆቹ በመረታቱ እንደሳቀ ይጨምራል።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ረቢ ኢያሱን ለማንም የማይታዘዙ አድርጎ ሊስላቸው ይችላል። ሁለተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የወሩ መባቻ የሚታወቀው አዲስ ጨረቃ ያዩ ምስክሮች ሸንጎ ቀርበው ሲናገሩ ነበር። በአንድ ዓመት የጉባኤው አለቃ ራባን ገማልያል የሁለት ሰዎችን ምስክርነት ተቀበሉ። ረቢ ኢያሱ ግን ምስክርነቱ ሐሰት እንደሆነ አመኑ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ መባቻው በአንድ ቀን ከተዛባ የስርየት ቀን፣ ዮም ኪፑር፣ በተሳሳተ ቀን ይውላል። ገማልያል ላኩባቸው፦ በእርስዎ ቆጠራ ዮም ኪፑር በሚሆንበት ቀን በትርዎንና የገንዘብ ቦርሳዎን ይዘው ወደ እኔ ይምጡ የሚል ትእዛዝ። በዚያ ቅዱስ ቀን በትርና ገንዘብ ይዞ መንገድ መሄድ ማለት በገዛ እጅ ቀኑን ማርከስ ነው።

ኢያሱ ተጨነቁ፤ ወዳጆቻቸውን አማከሩ። የተሰጣቸው ምክር ይህ ነው፦ የገማልያልን ሸንጎ ውሳኔ ዛሬ ከመረመርን ከሙሴ ጀምሮ የቆመውን ሸንጎ ሁሉ ልንመረምር ነው። ሰው ዳኛ የሚያገኘው በዘመኑ ካሉት ሰዎች ነው፤ ሳሙኤል ከሌለ በሳሙኤል ቦታ ያለው ይፈርዳል። ኢያሱ በትራቸውንና ቦርሳቸውን ይዘው ሄዱ። ገማልያል ከመቀመጫቸው ተነሥተው ራሳቸውን ሳሙት፤ በጥበብ መምህሬ፣ በመታዘዝ ደቀ መዝሙሬ ሲሉም ተቀበሏቸው።

ለሰማይ ድምፅ እምቢ ያሉትና ለጉባኤ ትእዛዝ በትር ይዘው የሄዱት አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱም ታሪኮች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ የሚቆመው በሥርዓቱ እንጂ ‹‹እውነቱ እኔ ጋ ነው›› በሚል ሰው አይደለም። ሥርዓቱ ዋጋ እንደሚያስከፍልም ታልሙድ አይደብቅም። በክርክሩ የተረቱት አልዓዛር ተወግዘው ከጉባኤ ተለዩ፤ ታሪኩን የጻፉትም ሐዘናቸውንና ዕንባቸውን ጭምር ጻፉ።

የተረታ ሐሳብም ቢሆን አይጣልም። ሚሽና የአናሳውን ድምፅ ለምን እንደሚመዘግብ ራሱን ጠይቆ ሲመልስ፣ ነገ የሚነሣ ሸንጎ ሊደገፍበት ስለሚችል ነው ይላል። በሂሌልና በሻማይ ትምህርት ቤቶች መካከል በነበረው ረጅም ሙግትም የሁለቱም ቃል ከእግዚአብሔር እንደሆነ ተነግሮ፣ ሕጉ ግን እንደ ሂሌል ቤት ይሁን ተብሏል። ምክንያቱ የሚገርም ነው፤ የሂሌል ሰዎች ትሑቶች ስለነበሩና የራሳቸውን ከመናገራቸው በፊት የተቃራኒያቸውን ሐሳብ ያስቀድሙ ስለነበር ነው። የተከራከሩበት ጨዋነት ለብይን ሚዛን ሆነ ማለት ነው።

ዳኛው ሕግ መለወጥ ይችላል?

በቀጥታ አይችልም፤ የኦሪትን ቃል ሰርዞ ሌላ መጻፍ ለማንም አልተፈቀደም። ረቢዎች ግን አጥር የማጠርና መላ የመፍጠር ሥልጣን አላቸው።

ኦሪት በየሰባቱ ዓመት ዕዳ ይሰረዝ ይላል፤ ድሃ እንዲተነፍስ። በሂሌል ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለጠጋው ገንዘቤ ቀለጠ ብሎ ማበደር አቆመ፤ የተጎዳውም ድሃው ራሱ ሆነ። ሂሌል ሕጉን አልሻሩም። አበዳሪው ዕዳውን ለሸንጎ የሚያስተላልፍበት ፕሮዝቡል የሚባል ሰነድ አወጡ። የሚሰረዘው በግለሰብ እጅ ያለ ዕዳ ነው፤ ሸንጎ የያዘው አይሰረዝም። ቃሉ እንዳለ ቀረ፣ ድሃውም ብድር አገኘ።

አጥር የማጠሩ ምሳሌ ደግሞ በ1000 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን ምድር የነበሩት ራቤኑ ጌርሾም ናቸው። ኦሪት ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን አልከለከለም፤ እሳቸው ግን በውግዘት ከለከሉ። ውግዘቱ በብዙ የአውሮፓ አይሁዶች ዘንድ ሕግ ሆኖ ጸና። የየመን አይሁዶች ግን የጌርሾም ሥልጣን አይደርሰንም ብለው እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሁለት ሚስት ሲያገቡ ኖሩ። ሥልጣን ድንበር እንዳለው ከዚህ ይታያል፤ የአንድ ሊቅ ቃል የሚያስረው የተቀበለውን ማኅበር ነው።

የተሰናዳው ገበታና ልብሱ

ታልሙድ ሰፊ ነው፤ መልስ ፈልጎ የገባበት ሰው በክርክር ይጠፋል። ስለዚህ ‹‹ሕጉን ብቻ ንገሩን›› የሚል ጥያቄ በየዘመኑ ይነሣል። በ12ኛው መቶ ዘመን ግብጽ የነበሩት ሙሴ ማይሞኒደስ ሕጉን ሁሉ ያለ ክርክርና ያለ ምንጭ በ14 ክፍል ጻፉ። ሥራው ተደነቀ፤ ወዲያው ግን ተነቀፈ። ምንጭህን ካልነገርከኝ በምን ልመንህ የሚል ነበር ነቀፌታው። በዚህ ሕግ ሥልጣን የሚገኘው ምንጭ በመቁጠር ስለሆነ፣ ያን ታላቅ ሰው እንኳ ‹‹እኔ ብያለሁ›› ማለት አላዋጣውም።

በ16ኛው መቶ ዘመን ከስፔን ከተሰደዱት ወገኖች የተገኙትና ገሊላ ውስጥ ሳፌድ የተቀመጡት ዮሴፍ ካሮ ሌላ ዘዴ ያዙ። ከእሳቸው በፊት የነበሩ ሦስት ታላላቅ ሊቃውንትን፣ ማለት የሰሜን አፍሪካውን አልፋሲን፣ ማይሞኒደስንና ከጀርመን ወደ ስፔን የተሻገሩትን አሼርን፣ እንደ ሦስት ዳኞች አስቀመጡ። ሁለቱ የተስማሙበት ሕግ ይሆናል። ውጤቱ በ1565 ቬኒስ ላይ የታተመው ‹‹ሹልሓን ዓሩኽ›› ነው፤ ትርጉሙ የተሰናዳ ገበታ ማለት ነው።

ክራኮቭ፣ ፖላንድ፣ የነበሩት ረቢ ሙሴ ኢሰርሊስ ግን ገበታው ላይ የቀረበው የስፔኖቹ ምግብ ብቻ መሆኑን አዩ። የጀርመንና የፖላንድ አይሁዶችን ልማድ በየአንቀጹ ሥር ጨመሩ፤ ሥራቸውንም የገበታው ልብስ አሉት። ካሮን አልሰረዙም፣ ከጎናቸው ቆመው ‹‹እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ይደረጋል›› አሉ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይታተማሉ። በፋሲካ ስምንት ቀን (እስራኤል ውስጥ ሰባት) ወደ አንድ ሕንፃ ቢገባ ልዩነቱ ከወጥ ቤት ይሸታል። ከካሮ ወገን የሆነው ቤተሰብ ሩዝና ባቄላ ይቀቅላል። የኢሰርሊስ ወገን የሆነው ጎረቤቱ ሩዝም ባቄላም ሽምብራም አይነካም፤ ጥንት እህል ከእህል ይቀላቀላል በሚል ስጋት የተጀመረው ልማድ ሕግ ሆኖበታልና። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ‹‹አባቶቼ እንዲህ ያደርጉ ነበር›› ማለት በዚህ ሕግ ማስረጃ ነው።

አይሁዶች ሁሉ የሚታዘዙት አንድ ፓትርያርክ የላቸውም። ታልሙድ ከተዘጋ በኋላ ሕጉ ያደገው በጥያቄና መልስ ነው። የአንድ ከተማ ሰው የቸገረውን ጽፎ ለታወቀ ሊቅ ይልካል፤ ሊቁ ማስረጃ ደርድሮ ይመልሳል፤ መልሱ ይገለበጣል፣ ይታተማል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ሊቅ ይጠቅሰዋል። ሰውን የብይን ሰጪነት ማዕረግ ላይ የሚያወጣው ሹመት ብቻ ሳይሆን ሌሎች ሊቃውንት መልሱን መጥቀሳቸው ነው። መልስ ሰጪው በሁለት ገመድ ይሳባል። በአንድ በኩል የቀደሙት ይበልጣሉ፤ የታልሙድ ሊቃውንት ከሚሽና ሊቃውንት ጋር ፊት ለፊት አይጣሉም፣ የዛሬውም ከታልሙድ ጋር አይጣላም። በሌላ በኩል የኋለኛው ሊቅ የፊተኞቹን ሁሉ አይቶ ስለፈረደ ቃሉ ይጸናል የሚል ደንብ አለ። እስካሁን የተነገረው ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁዶች መንገድ ነው። ኮንሰርቫቲቭ የሚባሉት አይሁዶች በሕግ ኮሚቴያቸው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሪፎርም የሚባሉት ደግሞ ሃላካን ከማሰሪያነቱ ይልቅ እንደ መሪ ምክር ያዩታል።

ከካይሮ የተላከች መልስ

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ከቤተ እስራኤል ታሪክ በላይ የሚያሳይ ማግኘት ያስቸግራል።

በ16ኛው መቶ ዘመን የካይሮ ታላቁ ረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ ነበሩ፤ በአጭሩ ራድባዝ ይባላሉ። አንድ ቀን አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ከሐበሻ ምድር የተማረከች ሴት ለአንድ አይሁዳዊ ተሸጠች፤ ከእሱም ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አድጎ ማግባት ፈለገ። ይችላል ወይ?

ራድባዝ ሲመልሱ እነዚያ ሰዎች ያለ ጥርጥር ከእስራኤል ዘር፣ ከዳን ነገድ ናቸው አሉ። የረቢዎችን ትምህርት ባለማወቃቸውም አይፈረድባቸውም፤ በአሕዛብ መካከል ተማርኮ እንዳደገ ሕፃን ይቆጠራሉ። እነሱን ከምርኮ መዋጀትም ትእዛዝ ነው። ጋብቻ ላይ ሲደርሱ ግን ሠጉ። ቤተ እስራኤል የሚጋቡት በኦሪት ነው፤ ሲፋቱ ግን ረቢዎች የደነገጉትን የፍቺ ጽሑፍ አያውቁም። በረቢዎች ሕግ በትክክል ያልተፈታች ሴት ከሌላ ብትወልድ ልጁ ከሌላው ማኅበር ጋር እንዳይጋባ የሚከለክል ነውር ይደርስበታል። ስለዚህ በአንዲት መልስ ውስጥ ሁለት ነገር ተቀመጠ፤ ወንድሞቻችን ናቸው የሚል፣ እና ጋብቻቸው ያሳስባል የሚል።

መልሷ 400 ዓመት ጠበቀች። በ1973 የእስራኤል የሰፋርዶች፣ ማለት የካሮ ወገን የሆኑት አይሁዶች፣ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ አይሁዶች ናቸው፣ ከጥፋት ልናድናቸውና ወደ አገር ልናስገባቸው ይገባል ብለው በየኑ። ዋናው ምሰሷቸው ራድባዝ ናቸው። የዘመኑ የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ቤተ እስራኤል አመጣጥ የተለያየ ሐሳብ ነበራቸው፤ ኦቫድያ ዮሴፍ ግን የተመኩት የታሪክ ተመራማሪ ላይ አልነበረም። ጥያቄው ለሃላካ የቀረበ እንደሆነ መልሱም ከሃላካ ሰንሰለት መምጣት አለበት፤ በሰንሰለቱ ላይ ያለው ትልቅ ሰው ደግሞ ተናግሯል። በ1975 የእስራኤል መንግሥት ለአይሁዶች ወደ አገሩ የመግባት መብት የሚሰጠውን የመመለስ ሕግ ለቤተ እስራኤል ሲፈቅድ ይህ ብይን መንገዱን ጠርጎለት ነበር።

ሁሉም ግን አልተስማማም። በኒው ዮርክ የነበሩት ሞሼ ፋይንስታይን በዘመናቸው ከነበሩት የኦርቶዶክስ ብይን ሰጪዎች ሁሉ የገነኑ ነበሩ። በ1984 ሲጽፉ የራድባዝ ቃል ለተግባር ለመደገፍ ይከብዳል አሉ፤ ራድባዝ የሰዎቹን ኑሮ በትክክል ያውቁ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህስ ነገሩ ተለውጦ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበሩም። ስለዚህ ለጥርጣሬው ማስወገጃ ወደ ይሁዲነት የመግባት ሥርዓት ይፈጸም አሉ። ጥቁር በመሆናቸው ቤተ እስራኤልን የሚርቅ ሰው መኖሩ እንዳሳዘናቸውም በዚያው ጻፉ። ሁለት ታላላቅ ሰዎች አንድ መልስ አነበቡ፤ አንዱ በሩን፣ ሌላው ደፉን አየ።

የእስራኤል ዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት የያዘው የመካከሉን መንገድ ነው። በዘመቻ ሙሴ፣ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ፣ በሱዳን በኩል የገቡት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለመጋባት ሲመጡ፣ ውኃ ውስጥ መጥለቅና ትእዛዛቱን መቀበል ተጠየቁ፤ መጀመሪያ ላይ ከወንዶቹ የግርዛት ምልክት የሚሆን የደም ጠብታም ይፈለግ ነበር። እስራኤል ውስጥ በ1953 በወጣው ሕግ የአይሁዶች ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ሸንጎ እጅ ስለሆነ፣ ይህ ሃይማኖታዊ ምክር ሆኖ አይቀርም፤ የጋብቻ ወረቀት ይከለክላል።

ውኃ መውረድ ለቤተ እስራኤል አዲስ ነገር አልነበረም። ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ወንዝ ዳር የሰፈሩ፣ ከእንግዳ ንክኪ በኋላ ሳይታጠቡ ቤት የማይገቡ ሕዝብ ናቸው፤ ‹‹አትንኩኝ›› የሚል ስም እስኪወጣላቸው ድረስ። ያመማቸው የውኃው ትርጉም ነው። በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘመን ውኃ ውስጥ ገብቶ ሃይማኖት መለወጥ ማለት ጥምቀት ነበር፤ አያቶቻቸው ርስት እስከማጣት የደረሱት ያን እምቢ ብለው ነው። አሁን ኢየሩሳሌም ደርሰው ይሁዲ ለመባል ውኃ ግቡ ተባሉ። በ1985 መጸው በዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ከዚያ በፊት የደም ጠብታው ቀርቶ ነበር፤ የውኃው ጉዳይ ግን አልተዘጋም።

የተገኘው መላ የሃላካ መላ ነው። ለዘብ ያሉት ረቢዎች የራድባዝን ስጋት በራሱ መሣሪያ ፈቱት፤ የቤተ እስራኤል ጋብቻ በረቢዎች ሥርዓት፣ ረቢዎች በተቀበሉት ምስክር ያልታሰረ ከሆነ በፍቺው ጉድለት የሚመጣ ነውርም የለም አሉ። የናታንያው ዋና ረቢ ዳዊት ሸሉሽ የኦቫድያ ዮሴፍን ብይን ይዘው ያለ ምንም የመግቢያ ሥርዓት ማጋባት ቀጠሉ። ከ1989 ጀምሮ ከየከተማው የሚመጡ ጥንዶችን እንዲያጋቡ ሥልጣን ተሰጣቸው። አንድ አገር፣ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ሕግ ሆኖ ሳለ አንዱ ረቢ የሚመልሰውን ጥንድ ሌላው ያጋባ ነበር። የዋና ረቢዎች ምክር ቤት የኦቫድያ ዮሴፍን ብይን እንደ ራሱ አድርጎ መቀበሉ በይፋ የታወቀው በ2020 መጀመሪያ ነው፤ ብይኑ ከተሰጠ ከ47 ዓመት በኋላ።

መብራቱስ?

ይሁዲነታቸው ታወቀ ማለት ትውፊታቸው ታወቀ ማለት አይደለም። ኦቫድያ ዮሴፍ ያከበሩት ዘራቸውን ነው፤ ልማዳቸውን በተመለከተ ግን በእስራኤል ምድር የሚኖር ሁሉ የቦታው ሊቅ የሆኑትን ካሮን ይከተል የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። የሃኑካን በዓል የማያውቅ፣ የግዕዙን ኦሪት የሚያነብ፣ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት የምትቆይበትን የመርገም ጎጆ የሚሠራ ሥርዓት በገበታውም በገበታው ልብስም ላይ ቦታ አልነበረውም። ጎንደር ላይ ማጋባትና ማፋታት ሥራው የነበረው ቄስ እስራኤል ውስጥ በቄስነቱ ብቻ ጋብቻ ሊያስመዘግብ አይችልም።

አንዳንድ ነገር ግን እየገባ ነው። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚከበረውን ስግድ የእስራኤል ፓርላማ በ2008 የአገር በዓል አድርጎታል፤ ያደረገው ፓርላማ እንጂ የረቢዎች ሸንጎ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በ2012 ደግሞ ከራሱ ከማኅበሩ የወጡት ረቢ ሻሮን ሻሎም የቤተ እስራኤልን ልማድና የረቢዎችን ሕግ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የሕግ መጽሐፍ አሳተሙ። ኢሰርሊስ ክራኮቭ ላይ ያደረጉትን የሚመስል ሥራ ነው፤ ‹‹እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ይደረጋል›› የሚል።

አሁን ዓርብ ማታ ናታንያ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንግባ። የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት እንደተማረችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻማ ለመለኮስ ክብሪት ይዛለች። ምድጃዋን አጥፍታ ያደገችው አያት ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰንበት እሳት ዛሬም አይዋጥላቸውም። ልጅቱ ረቢ ብትጠይቅ የሚመልሱላት በጥቅሱ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሱን አያቷም ያውቁታል። የቦታው ልማድ የማን ነው፣ የአባቶች ልማድ እስከ ስንት ትውልድ ያስራል፣ አያትን ማክበርስ ትእዛዝ አይደለም ወይ ብለው ሊቃውንት ሲቆጥሩ ይቆያሉ። በመልሳቸው ውስጥ የጎንደር ቄሶች ስም ከካሮና ከኢሰርሊስ ጎን ይጠራ እንደሆነ ማየት ነው፤ ስማቸው የተጠራ ዕለት ሰንሰለቱ ውስጥ ገቡ ማለት ነው።